የድሮ መኪኖች ሽያጭ በኢትዮጵያ

የድሮ መኪኖች ሽያጭ በኢትዮጵያ ማለት ከፋብሪካ ከወጡ ብዙ አሥርት ዓመታት ያለፋቸው መኪኖች በአፍቃሪዎቻቸው፣ በባለቤቶችና በደላሎች መካከል የሚገዙበትና የሚሸጡበት ገበያ ነው። በዚህ ገበያ በስፋት የሚታወቀው በአገሩ አጠራር ቮልስ የሚባለው የቮልስዋገን መኪና ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ፊያት 600 (ሰይቼንቶ)፣ ፔጆ 404 እና 504፣ ላንድ ሮቨር፣ የድሮ መርሴዲስና ላዳ ይጠቀሳሉ። በሌሎች አገሮች የድሮ መኪና ለትርዒትና ለእሑድ ሽርሽር ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ ከሥራ ወጥተው አያውቁም። ገዢው መኪናውን የሚመዝነውም በሁለት ዓይን ነው፤ አንድም እንደ ቅርስ፣ አንድም ነገ ጠዋት ሥራ የሚያደርስ መኪና እንደሆነ።

ታሪካዊ መነሻ

ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው መኪና እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ ሲሆን አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. (በ1907 እ.ኤ.አ. መጨረሻ) ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ንብረት ሆኖ ቆየ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት መንገዶችና የገቡት የጭነት መኪኖች ነገሩን ለወጡት። በየከተማው ጋራዥ ተከፈተ፤ የጥገና ሙያም በጣሊያንኛ ቃላት ተተከለ። ዛሬም መካኒኩ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን እያለ ሲናገር ቃላቱ የመጡት ከዚያ ነው። ጀርመን ሠራሽ የሆነው ቮልስ ሳይቀር በኢትዮጵያ ጋራዥ ውስጥ የሚጠገነው በጣሊያንኛ ስም ነው።

ቮልስ ራሱ በፈርዲናንድ ፖርሸ የተነደፈ ሲሆን ለሲቪል ገበያ በብዛት መመረት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ ነው። በየካቲት 1972 እ.ኤ.አ. የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ብዛት አለፈ። የመጨረሻው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ሲወጣ በጠቅላላው 21,529,464 ተመርቶ ነበር።

በኢትዮጵያ ታሪክ ቮልስን የማይረሳ ያደረገው አንድ ጠዋት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን ሲያወርድ ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው ሮልስ ሮይስ ሳይሆን ቮልስ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቤተ መንግሥት መኪኖች ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። ለሽያጭ ስለማይወጡ ግን በገበያው ላይ የሚያደርጉት ተጽዕኖ የለም። ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው የመምህሩ፣ የነርሷና የቢሮ ሠራተኛው መኪና ነው።

ሄርማታና የቡና ከተሞች

ሄርማታ በአሁኑ ጅማ ከተማ ውስጥ የሚገኝ የጥንት የገበያ ስፍራ ነው። በጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ዘመን፣ ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ ሳለ፣ የሐሙስ ገበያው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት ሁሉ የገነነ ነበር። ቡናውም ዝባዱም በበቅሎና በአጋሰስ ይጫን ነበር። የአሁኑ ከተማ በጣሊያኖች ዘመን በዚሁ ገበያ ዙሪያ ተቆረቆረ፤ የአዲስ አበባ–ጅማ መንገድም ቡናውን ከአጋሰስ ወደ ጭነት መኪና አዛወረው። በኋላ ዘመን በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ኤንትሬ በሚል ስም የታወቀው ፊያት 682 የጭነት መኪና የዚያ ዓይነት ሥራ ምልክት ሆነ።

የድሮ መኪና ገዢ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ መንገዶች ላይ ሲያስብ ሦስት ነገር ከግምት ያስገባል፤ ዝናቡን፣ ጭቃውንና የጊቤን ቁልቁለት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ 1,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው የጊቤ በረሃ ይወርድና እንደገና ጅማ ላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ብዙ የድሮ መኪኖች ውኃቸው የሚፈላው በዚህ ዳገት ላይ ነው። ቮልስ ግን የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ የሚፈላ ውኃም የለውም። ሞተሩ ከኋላ፣ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ጭቃ ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው ቺንጊያ ከተበጠሰና ሾፌሩ ሳያቆም ከቀጠለ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ በመሆኑ ትንሽ የዘይት ጉድለት እንኳ ብዙ ጉዳት ታደርሳለች።

የጅማ ዝናብ ደግሞ የሚያጠቃው ላሜራውን ነው። ደረቅ ከሆነው የስምጥ ሸለቆ ከተማ የመጣ መኪናና በቡና አገር ጓሮ ውስጥ ሃያ ክረምት የቆመ መኪና ቀለማቸው ቢመሳሰልም ወለላቸው አንድ አይደለም።

የሚሸጠው መኪና እንዴት ይታወቃል

የቮልስ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ሻጩ ከሚናገረው ይልቅ ከመኪናው ላይ ይነበባል። የኋላ መስተዋቱ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ መኪናው ከመጋቢት 1953 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። ሞላላ አንድ መስተዋት ከሆነ ከዚያ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ መስተዋቱ ሰፍቶ አራት ማዕዘን ሆነ። የፊት መብራቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ከሆነ ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። ይሁን እንጂ መከዳና ኮፈን ከአንዱ ቮልስ ወደ ሌላው ስለሚዛወር መልክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የተሻለው ማስረጃ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በቮልስ ላይ ይህ ቁጥር የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሐል በሚያልፈው ቦይ ላይ ተመትቶ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ባሉት መኪኖች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቱን (ለተራው ቮልስ 11)፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያመለክታሉ። ስለዚህ በ118 የሚጀምር የዘጠኝ አኃዝ ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። የሞዴል ዓመቱ የሚጀምረው ከነሐሴ ስለሆነ በ1967 መጨረሻ የተሠራ መኪናም 1968 ተብሎ ይቆጠራል፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት በአንድ ዓመት ቢለያይ ማጭበርበር ነው ብሎ መደምደም አይገባም። የሞተሩ ቁጥር የሚገኘው ከጀኔሬተሩ መቆሚያ በታች ነው። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልተስማማ አንድ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ከአምሳ ዓመት በላይ የሠራ መኪና ሞተር ባይቀየርለት ነው የሚገርመው። ነውሩ ለውጡ ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው፤ በስም ዝውውር ጊዜ ችግሩ በገዢው ላይ ይወድቃልና።

ልምድ ያለው ገዢ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት ከኋላ ያለውን የቺንጊያ ፑሊ በእጁ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋዋል። በግልጽ የሚንቀሳቀስና ኳ የሚል ድምፅ ካሰማ ኮሎው መያዣውን በልቷል፤ ሞተሩ መፈታት አለበት። ቀጥሎ የኋላ ወንበሩን ያነሣል። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ ወለሉን መጀመሪያ የሚበላው አሲድና ዝገት በዚያ በኩል ይጀምራል። ከበሮቹ ሥር ያሉት የጎን ሳጥኖች ለሙቀት አየር መተላለፊያም ለቦዲው ጥንካሬም ያገለግላሉ፤ እነርሱ ከበሰበሱ በሩ ሲከፈት ይንቋቋል። የበሰበሰ ወለል በስቱኮና በቀለም ሸፍኖ መሸጥ የዚህ ገበያ የቆየ ተንኮል ነው። ማግኔት ይዞ መሄድ ይረዳል፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም።

ደጋ ላይ ስለሚደረግ ሙከራ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አየሩ ስስ በመሆኑ በአዲስ አበባ ከፍታ ማንኛውም ያለ ተርቦ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል አቅሙ ሩብ ያህሉን ያጣል። 1200 ቮልስ እንጦጦን ሲወጣ ቢያቃስት ሞተሩ ደክሟል ማለት ላይሆን ይችላል። የካርቡሬተሩ ቀዳዳ ለከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ጥሩ መካኒክ ይህን በጥቂት ደቂቃ ያስተካክለዋል፤ ብልጥ ገዢም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀምበታል።

ውልና ሰነድ

የመኪና ሽያጭ የሚፈጸመው በሊብሬ ነው። መኪናው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የተመዘገበ፣ ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ የተለጠፈለት፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ይጣራል፤ ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ይፈረማል። ፋይሉ አዲስ አበባ ያለን መኪና ጅማ ያለ ሰው ሲገዛ ፋይሉም መዛወር አለበት። ባለትዳር ሻጭ የትዳር ጓደኛውን ስምምነት ይጠየቃል።

የድሮ መኪና ልዩ ችግር ሊብሬው ብዙ ጊዜ በሕይወት በሌለ ሰው ስም መሆኑ ነው። መኪናው ከአባት ለልጅ በዝምታ ይተላለፋል፤ አንዳንዴም ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ ሦስት አራት እጅ ይቀያየራል። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ የመጨረሻው ገዢ ቁልፍና መኪና ይዞ ባለቤት ያልሆነ ሰው ሆኖ ይገኛል። ያኔ የሚቀረው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣትና ወራሾችን ሁሉ ማስማማት ነው። ከወራሾቹ አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ጉዳዩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ላሜራው የተጎሳቆለ ግን ሰነዱ የጸዳ ቮልስ፣ አንጸባራቂ ሆኖ ሰነዱ ከተወሳሰበ ቮልስ ይመረጣል፤ መመረጥም አለበት። ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ የሞተ ሰው ግን አይፈርምም።

ቀብድ በተመለከተ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የከፈለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የተሻለ ገዢ የመጣለት ሻጭ ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይደነግጣል።

ዋጋና መለዋወጫ

በኢትዮጵያ የመኪና ዋጋ በዕድሜ ብዛት ብዙ አይወርድም። ምክንያቱ የቀረጥና የታክስ ክብደት እንዲሁም የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲጨምር አደረገ። ስለዚህ ከውጭ የድሮ መኪና ገዝቶ ማስገባት ለሰብሳቢ የማይታሰብ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል በሩ ጭራሽ ተዘጋ። አገር ውስጥ ያለው ቮልስ ያለው ብቻ ነው፤ አንዱ ሲበተን የሚተካው የለም።

መለዋወጫ የሚፈለገው በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በተለይም በሶማሌ ተራ ነው። የክፍለ ሀገር ባለቤት ዕቃውን በስልክ አዝዞ በአውቶቡስ ያስልካል። ብዙውን ጊዜ ግን ዕቃው የሚመጣው ከሌላ ቮልስ ነው። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማረድ የቆየ አሠራር ነው፤ የሚታረደው መኪና ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር ለሌላ አካል መዋሉ ግን ወንጀል ነው፣ የዘርፉም ትልቁ ጉዳት ነው።

በአፍቃሪዎች መካከል የማያባራ ክርክር የሚነሣው ስለ ማሻሻል ነው። አንደኛው ወገን መኪናው በፋብሪካ ቀለሙ፣ በመጀመሪያ ወንበሩና በራሱ ሞተር ይቆይ ይላል። ሌላው ደግሞ ጣሪያውን ቆርጦ፣ ሰፊ ጎማ አስገብቶ፣ ደማቅ ቀለም ቀብቶ ለሠርግ አጀብና ለወጣት ገዢ ያቀርበዋል። የተሻሻለው በፍጥነት ይሸጣል። ያልተነካው ዘግይቶ ይሸጣል፤ ነገር ግን የተቆረጠ ጣሪያ ተመልሶ ጣሪያ ስለማይሆን ቁጥሩ በየዓመቱ የሚያንሰው ያልተነካው ነው።

የአስከሬን መኪናዎች

በአሜሪካ የድሮ መኪና ሰብሳቢዎች ውስጥ የአስከሬን መኪና የሚገዙና የሚሸጡ ራሳቸውን የቻሉ ወገኖች አሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፕሮፌሽናል ካር ሶሳይቲ የአስከሬን መኪናዎችን፣ አምቡላንሶችንና ሊሙዚኖችን ያሰባስባል። በጣም የታወቀው ምሳሌ በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣው ጎስትባስተርስ ፊልም የታየው የ1959 ካዲላክ ሚለር ሜቲዮር ነው። እነዚህ መኪኖች ለሰብሳቢ የሚመቹት ቀስ ብለው፣ አጭር መንገድ የተነዱና ጋራዥ ውስጥ ያደሩ በመሆናቸው ነው። በሌላ በኩል አካላቸው በጥቂት ቁጥር በእጅ የተሠራ ስለሆነ አንድ የጎን መስተዋት ቢሰበር ምትኩ ከመጋዘን አይገኝም።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ገበያ አልተፈጠረም። አስከሬን ለረጅም ዘመን የተሸኘው በሰው ትከሻ ነው፤ በጅማና በአካባቢው ሙስሊሞች ዘንድ ጀናዛ ተሸክሞ መሸኘት ዛሬም ይዘወተራል። በከተሞች አገልግሎት የሚሰጡት የአስከሬን መኪናዎችም አገልግለው እስኪያልቁ የሚሠሩ ናቸው። ገዢው ለትዝታ የሚያስቀምጠው ሳይሆን የቀብር ቀን እንዳያስቆም የሚጸልይለት መኪና ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ

የነዳጅ መኪና ከታገደ ወዲህ የቮልስን ሞተር አውጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር መተካት የአፍቃሪዎች መነጋገሪያ ሆኗል። በ2019 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን ኩባንያ ራሱ በዚህ መንገድ የተለወጠ የድሮ ቮልስ በጀርመን ለእይታ አቅርቧል። የሞተሩ ቦታ ሰፊና ከአራት ብሎን በቀር የሚያስረው ነገር ጥቂት በመሆኑ ሥራው ከሌሎች መኪኖች ይቀላል። ባትሪው ክብደት ስለሚጨምር ግን ፍሬኑና የኋላ አክሱ አብረው መታየት አለባቸው። ለውጡም ሊብሬው ላይ መስፈር ይኖርበታል፤ አለዚያ መኪናው በሚቀጥለው ሽያጭ የሞተር ቁጥሩ የማይገጥም መኪና ሆኖ ይቀርባል።