ትራሚየል ወይስ ቁልፉ? የቲአይ-99/4ኤ አወዳደቅ

ጥቅምት 17 ቀን 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1983)፣ ዓርብ ዕለት፣ የዳላሱ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከቤት ኮምፒውተር ገበያ መውጣቱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ሩብ ብቻ 119 ሚሊዮን ዶላር ከስሮ ነበር። ቲአይ-99/4ኤ የተባለው ማሽኑ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የነጋዴ ሂሳብ መሥሪያ ለመሆን ግን ሳይታደል ቀረ።

አጀማመሩን በአጭሩ እናንሳው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ቲአይ-99/4 በ1979 ከነስክሪኑ በ1,150 ዶላር ወጣ፤ ገዢ ራቀው። በ1981 ተሻሽሎ 99/4ኤ ተባለና 525 ዶላር ተተመነለት። በ1983 አጋማሽ 99 ዶላር ደረሰ።

ለዚህ ቁልቁለት በተለምዶ የሚጠቀሰው ጃክ ትራሚየል ነው። ፖላንድ ውስጥ በሎድዝ ከተማ ተወልዶ፣ ከአውሽቪትስ ተርፎ፣ ኒውዮርክ ገብቶ የጽሕፈት መኪና ሲጠግን የኖረው ትራሚየል ኮሞዶር የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። በ1970ዎቹ ኮሞዶር የሂሳብ ማሽን ይሸጥ ነበር፤ ቺፑን የሚገዛውም ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበር። ቺፕ ሻጩ ራሱ ርካሽ የሂሳብ ማሽን ይዞ ብቅ ሲል ኮሞዶር ለውድቀት ተቃረበ። ትራሚየል በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለውን ቺፕ አምራች ገዝቶ ከጥገኝነት ወጣ። ከዚያ ቪክ-20 እና ኮሞዶር 64 በተባሉ ኮምፒውተሮች ዋጋ እየሰበረ የድሮ ባላጋራውን አሳደደው። ቂም ያረገዘ ሰው በቀሉን ወለደ የሚለው ይህ ትረካ ለጆሮ ይጥማል፤ ብዙዎች የሚያወሩትም እሱኑ ነው።

የዋጋ ጦርነቱ የደረሰውን ኪሳራ ያስረዳል። ያ ሁሉ ማሽን ለሥራ ሳይበቃ የቀረበትን ምክንያት ግን አያስረዳም። ለዚህ ወደ ማሽኑ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ፕሮሰሰሩ ቲኤምኤስ9900 ባለ 16 ቢት ነበር፤ ተፎካካሪዎቹ ገና በ8 ቢት ላይ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚጠቀምበት ፈጣን ሚሞሪ 256 ባይት ብቻ ነው። 16 ኪሎባይቱ የተያዘው በስክሪኑ ቺፕ እጅ ነበርና፣ እህሉን በጎረቤት ጎተራ አኑሮ በእፍኝ እያስፈቀደ እንደሚያመጣ ገበሬ፣ ማሽኑ እያንዳንዷን ባይት በዚያ ቺፕ በኩል ይቀበል ነበር። ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋው ደግሞ ሁለት ጊዜ እየተተረጎመ ስለሚሠራ ይንቀረፈፋል። በአንድ መስመር የሚታየው ቢበዛ 40 ፊደል ነው። ቲአይ-ራይተር የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራምና የማይክሮሶፍቱ የሂሳብ ሰንጠረዥ መልቲፕላን መጥተውለታል፤ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። ግን 32 ኪሎባይት ተጨማሪ ሚሞሪና የዲስክ ማጫወቻ ይሻሉ። እነዚህን ከነማስፋፊያ ሣጥናቸው የገዛ ሰው ከ99 ዶላሩ ኮምፒውተር በብዙ እጥፍ ይከፍላል። ያንን ያልቻለ በቤት ወጪ መመዝገቢያ ካርትሪጅ (ማሽኑ ላይ በሚሰካ የፕሮግራም ማኅደር) ይወሰናል።

ይህ ሁሉ በሰው ብልሃት ሊቃለል ይችል ነበር፤ የውጭ ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ግን ኩባንያው አላስጠጋም። ዕቅዱ ማሽኑን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከካርትሪጅ መልቀም ነበር። ስለዚህ ግሮም የተባለውን ልዩ የካርትሪጅ ቺፕ በእጁ አደረገ፤ የማሽኑንም ውስጠ ምስጢር ሰሰተ። አንዳንድ የውጭ ድርጅቶች ያለ ግሮም የሚሠራ ካርትሪጅ ማውጣት ሲጀምሩ፣ በ1983 የወጣው የማሽኑ አዲስ ስሪት እነዚያን ካርትሪጆች እንዳይቀበል ተደርጎ ተሠራ። ገበያው እየከዳው ባለበት ዓመት የሚያግዙትን ሰዎች ከደጅ መመለስ! ለእኔ የውድቀቱ ቁልፍ ነገር ይህ ነው።

በአፕል የሆነውን እናስተያይ። አፕል 2 ከነንድፉ የታተመ መመሪያ ነበረው። በ1979 ቪዚካልክ የተባለውን የሂሳብ ሰንጠረዥ የሠሩለት ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የኩባንያው ሠራተኞች አልነበሩም። ብዙ ነጋዴዎች አፕል 2ን የገዙት ለዚያ ፕሮግራም ሲሉ ነው። ኮሞዶር 64ም የቢሮ ማሽን አልነበረም፣ ታዲያ እንዴት ኖረ? የሚል ይኖራል። 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ነበረው፤ የፕሮግራም አዘጋጆች መመሪያውም በ1982 ታትሞ በግልጽ ይሸጥ ነበር። የፈለገ ሰው የፈለገውን ሊጽፍለት ይችላል።

ከ1983 በኋላ 99/4ኤ በተጠቃሚዎች ማኅበራት ቆየ። በ1987 ማይአርክ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ጄኔቭ 9640 የተባለ ተተኪ አወጣለት፤ ይህም ባለ 80 ፊደል መስመር ነበረው።

የፕሮግራም ደጅ ማን ይጠብቅ የሚለው ክርክር ዛሬ በአይፎን ላይ ነው። የጨዋታ አምራቹ ኤፒክ ጌምስ በ2020 አፕልን የከሰሰው በመተግበሪያ ሱቁ ደንብና እስከ 30 በመቶ በሚደርሰው ኮሚሽን ነበር። ከማርች 2024 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አፕል በኅብረቱ አገሮች ሌሎች የመተግበሪያ ሱቆችን እንዲፈቅድ አስገድዶታል።