የፎገራ እሳትና የፎገራ ላም

ታዳሽ ኃይል ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ቆርቆሮ ላይ ወደተሰቀለው ሶላር ነው። የእኔ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በረት ነው። ፎገራ ሶላርም ሆነ የመብራት ምሰሶ ሳያይ፣ ለዘመናት ያበሰለውና የጋገረው በኩበት ነውና።

ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ይተኙበትና ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ዛፍ ብዙም የለም። ማገዶ ቆርጦ የሚያመጣ ቢፈልግ እንኳ ከየት ያመጣል? የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ ርቆ የተሰማ ናት፤ እኛ ልጆች ሳለን ግን ጠዋት ጠዋት የምንላከው እበቷን ልንሰበስብ ነበር።

እናቴ እበቱን ከጤፍ ጭድ ጋር ትለውሰዋለች። ጭድ ካነሰው ሲደርቅ ይፈረካከሳል፤ ከበዛበት ደግሞ ቦግ ብሎ ነዶ ያልቃል። ልኩን የምታውቀው በእጇ ነው። በመዳፏ እየጠፈጠፈች መሬት ላይ ትደረድረዋለች፣ ላዩ ሲደርቅ እኛ እየዞርን እንገለብጠዋለን። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ክምሩ ይሠራል፤ ኩበቱ ዙሪያውን እየተደረደረ ወደ ላይ ይሾላል፣ ዝናብ እንዳያስገባም ውጩ በእበት ይለቀለቃል። የሴት ሙያ ከክምሯ ይታይ ነበር። ከቤት የተረፈው ገበያ ወጥቶ ለጠላ ጠማቂዎችና ለአረቄ አውጪዎች ይሸጣል።

ይህ እሳት ግን ብዙ አስከፍሏል። ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ጎድቷል። መሬቱም ተጎድቷል፤ እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይበናል፣ ለማሳ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። በግብርና ሙያ ከተሰማራሁ ወዲህ ከምንም በላይ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

ባዮጋዝ ሁለቱንም ጉዳት የሚያስቀር መላ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ጋዙም የእርሻ መሣሪያ ለመበየድ ታስቦ ነበር። ወደ ገበሬው ጓሮ በስፋት ለመግባት ግን ሃምሳ ዓመት ፈጀበት። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች 14,000 ማብላያ ለመገንባት አቅዶ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 8,000 ያህሉን ሠራ። ንድፉ ከኔፓል ተወስዶ ለእኛ አገር የተስተካከለ ነው፤ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ ጉልላት። እበቱ በእኩል ውኃ ተበጥብጦ ይገባል፣ አየር በሌለበት ሲብላላ ጋዙ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ ዝቃጩ ደግሞ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። ከዚህ የተሻለ ለገበሬ ቤት የታሰበ ነገር አላውቅም።

ታዲያ ለምን እንደታቀደው አልተስፋፋም? አንዲት እናት ቤት ገብቼ ሰማያዊው ነበልባል ላይ ሽሮ ሲንተከተክ እያየሁ፣ «እማማ፣ ጥሩ ሆነልዎት አይደል?» አልኳቸው።

«ወጡንስ ሠራሁበት፤ እንጀራዬን የት ልጋግር ልጄ?» አሉኝ።

ምጣድ ሰፊ ነው፤ እስከ ጠርዙ እኩል ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የባዮጋዙ ምድጃ ትንሽ ነበልባል ግን መሐሉን ብቻ ያሞቃል። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ጉልላት ተሠርቶም የኩበቱ ክምር አልፈረሰም። በበጋ ወራት ደግሞ ለመበጥበጫ ያንን ሁሉ ውኃ የምትቀዳው ያችው ሴት ናት።

ሌላው ምክንያት ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ፣ ቆይቶ ሜዳውን ሞላው። ሩዝ ፎገራን አብልቷል፣ አልብሷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የታረሰው ያው ላሞቹ ይሰማሩበት የነበረው ውኃ ገብ ሜዳ ነው። ግጦሹ ሲጠብ መንጋው ቀነሰ፤ መንጋው ሲቀንስ ኩበቱም፣ ለባዮጋዝ የሚሆነው እበትም አነሰ።

የመብራቱ ነገር ቀለል ብሏል። ላምባ የሚጠጣው ኩራዝ በብዙ ቤት ለትንሿ የሶላር መብራት ቦታ ለቋል። የርብና የጉማራ ውኃም ጣና ደርሶ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ተርባይን ያሽከረክራል። ምድጃው ግን ዛሬም የድሮው ነው።

የፎገራ ከተማ በሆነችው ወረታ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ደጅ የገለፈት ክምር ታያላችሁ። እሱም ማገዶ ነው፤ በሚገባ በተሠራ ምድጃ ንጹሕ ሆኖ ይነድዳል። የመፈልፈያ ባለቤቶች ገለፈቱን በርካሽ ለምድጃ አምራቾች ስጡ። የቴክኒክና ሙያ አስተማሪዎችና ተማሪዎች፣ በገለፈትና በባዮጋዝ እስከ ጠርዙ የሚግል ምጣድ ሥሩልን። ሠርታችሁም ወደ ቢሮ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ጋጋሪዋ ውሰዱትና እሷ ትፈትሸው።