የሳንቲም ደረጃ ምደባ፦ ከ1 እስከ 70

ዓመታቸው አንድ፣ የተቀረጹበት ቦታ አንድ፣ የብር መጠናቸውም አንድ የሆነ ሁለት የአሜሪካ ዶላሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንደኛው ከያዘው ብር ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ይሸጣል። ሌላኛው የዚያን ብዙ እጥፍ ያወጣል። ይህን ልዩነት የሚወስነው ሙያ «ግሬዲንግ» ይባላል፤ በአማርኛ «የሳንቲም ደረጃ ምደባ» ሊባል ይችላል። አንድ ሳንቲም ተመትቶ ከወጣ ጀምሮ መልኩን ምን ያህል እንደጠበቀ መርምሮ በቁጥር መግለጽ ማለት ነው። ብርቅነት ሌላ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የቀረ ሳንቲም ዝቅተኛ ደረጃ ሊይዝ ይችላል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሳንቲምም ከፍተኛውን።

ቁጥሩ የተወለደው ከዋጋ ነው። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1949 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1793 እስከ 1814 ስለተቀረጹት ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች መጽሐፍ አወጣ። ማንነቱ በጭንቅ የሚለየውን ሙልጭ ያለ ሳንቲም 1፣ እንከን የለሹን 70 አለው። ሐሳቡ ባለ 70ው የባለ 1ዱን ሰባ እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። ገበያው ብዙም ሳይቆይ ከዚህ ስሌት ወጣ፤ ቁጥሮቹ ግን ቀሩ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ለሌሎቹም የአገሪቱ ሳንቲሞች መለኪያ አደረጋቸው።

ከቁጥሮቹ ጋር የቆዩ የእንግሊዝኛ ስሞችም አሉ፤ ቃል በቃል ሲመለሱ ግን ያሳስታሉ። አራተኛው እርከን «ጥሩ» ይባላል፤ ሳንቲሙ ግን ዳር ዳሩ ብቻ የሚታይ፣ መሐሉ የሟለጠ ነው። ስለዚህ የሚታየውን መሰየም ይሻላል። 4 «ቅርጹ ብቻ የቀረ»፣ 12 «በመጠኑ የሟለጠ»፣ ከ40 እስከ 45 «ጉብ ጉብ ያለው ብቻ የተነካ»፣ ከ50 እስከ 58 «ለጥቂት የተነካ»፣ ከ60 እስከ 70 ደግሞ «እጅ ያልዞረ» ቢባሉ አንባቢው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል።

መዳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ከሁሉ ከፍ ያለውን የምስል ክፍል ነው፤ ቀድሞ የሚሟልጠው እሱ ነውና። ቻርልስ ባርበር የነደፋቸውና ከ1892 እስከ 1916 (የ50 ሳንቲሙ እስከ 1915) የተቀረጹት የ10፣ የ25 እና የ50 ሳንቲም የብር ገንዘቦች ለዚህ የተመቹ ናቸው። በራስ ምስሉ የግንባር ማሰሪያ ላይ በሰባት የላቲን ፊደላት «ሊበርቲ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሦስቱ ፊደላት ብቻ ከተነበቡ ሳንቲሙ 8 አካባቢ ያርፋል፤ ሰባቱም ከተነበቡ 12 ይደርሳል። ከ1913 እስከ 1938 በተቀረጸው ባለ ጎሹ 5 ሳንቲም ላይ ደግሞ የሚታየው ቀንዱ ነው። የዚህ ሳንቲም ዓመት የተጻፈው ጎላ ባለው ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ዓመታቸው ጨርሶ ጠፍቶ ይገኛሉ።

ከባዱ ነገር የሟለጠውን ቀድሞውኑ በደንብ ካልተመታው መለየት ነው።

ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 የተቀረጸው የሞርጋን ዶላር ይህን ያሳያል። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ብለው የተመቱ ናቸው። በኒው ኦርሊንስ የተቀረጹት ብዙዎቹ ግን አንድም ቀን ገበያ ሳይወጡ ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር ደብዛዛ ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ብርሃን ነው። ሳንቲም በብረት ማኅተም ሲመታ ብሩ በግፊት ወደ ዳር ይፈስሳል፤ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮችም ይተዋል። ሳንቲሙ መብራት ሥር ዘንበል ዘንበል ሲል ብርሃኑ በእነዚህ መስመሮች ላይ እንደ ጋሪ ጎማ ይሽከረከራል። የሰው እጅና ኪስ መስመሮቹን ይፍቃሉ። ጠፍጣፋው ፀጉር ላይ ብርሃኑ ሳይቋረጥ ካለፈ ጥፋቱ የምቱ ነው፤ ግራጫ ሆኖ ከቆመ ሳንቲሙ ዞሯል።

ከ60 በላይ መሟለጥ የለም፤ የሚመዘነው ጭረት፣ ነጸብራቅና የምቱ ጥራት ነው። የሞርጋን ዶላሮች በሺህ በሺህ እየሆኑ በከረጢት ይቀመጡ ስለነበር እርስ በርስ ተጋጭተዋል። ጉንጭ ላይ ያረፈ ጭረት ፀጉር መሐል ከተደበቀው የበለጠ ደረጃ ያስቀንሳል። ለጥቂት የተነካ 58 በጭረት ከተሸፈነ 60 አምሮ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። 70 የሚባለው በአምስት እጥፍ ማጉያ ሲታይ እንከን የማይገኝበት ሲሆን፣ የሚያገኙት በአብዛኛው የዘመናችን ሳንቲሞች ናቸው። በ2021 ኒው ዮርክ ላይ ወደ 18.9 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የ1933ቱ ባለ 20 ዶላር ወርቅ እንኳ ደረጃው 65 ነው።

ድሮ ደረጃውን የሚናገረው ሻጩ ራሱ ነበር። ፒሲጂኤስ የተባለው የምደባ ድርጅት በ1986፣ ኤንጂሲ የተባለው ደግሞ በ1987 ሥራ ሲጀምሩ ምደባው ወደ ሦስተኛ ወገን ተሻገረ። ከአንድ በላይ መዳቢዎች ያዩት ሳንቲም ቁጥሩ ተጽፎበት በጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ያም ሆኖ ያው ሳንቲም ዳግመኛ ሲላክ ሌላ ቁጥር ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ቁጥሩ የሠለጠነ ዓይን ፍርድ እንጂ የሚዛን ንባብ አይደለምና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሳንቲምን የሚጎዳው የባለቤቱ በጎ ፈቃድ ነው። በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ብር ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች ተፍቀው ሄደዋል። መዳቢዎች እንዲህ ላለው ሳንቲም ቁጥር አይሰጡም፤ «የጸዳ» ብለው ጽፈው ይመልሱታል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ቤቶችም ሩቅ አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበትና በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈበት የብር 50 ሳንቲም የተቀረጸው አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ከአያት ሣጥን አንዱ የተገኘ እንደሆነ ሳይጠረግና ሳይወለወል በጠርዙ ይያዝ፤ በአንድ መብራት ሥር ዘንበል እያለ መጀመሪያ የንጉሡ ፀጉርና ጢም፣ ቀጥሎ የአንበሳው ጎፈር ይታይ።