የተጠቃሚ ብዛት ገደብ ፍተሻ

የተጠቃሚ ብዛት ገደብ ፍተሻ ሁለት ነገር ለማረጋገጥ የሚደረግ የሶፍትዌር ሙከራ ነው፤ በፈቃድ (ላይሰንስ) የተሸጠ ፕሮግራም ከተፈቀደለት ቁጥር በላይ ሰው እንዳያስገባ፣ ደግሞም ገንዘቡን የከፈለ ደንበኛ በሩ ላይ እንዳይመለስ። ቆጠራው እንደ ውሉ ይለያያል። አንዳንዱ የተመዘገቡ አካውንቶችን፣ አንዳንዱ በአንድ ጊዜ ገብተው የሚሠሩ ሰዎችን፣ ሌላው ደግሞ የሚገናኙ ኮምፒውተሮችን ይቆጥራል።

አመጣጥ

በኔትወርክ ላይ ፈቃድ የሚያድሉ ፕሮግራሞች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከዩኒክስ ኮምፒውተሮች ጋር ተስፋፉ። ከቀደምቶቹ መካከል የአፖሎ ኮምፒውተር ኩባንያ ሥራና በ1988 የወጣው ፍሌክስኤልኤም ይጠቀሳሉ። በፍሌክስኤልኤም የፈቃድ ፋይል ውስጥ የምርቱ ስም፣ የሚያበቃበት ቀንና የተጠቃሚው ብዛት በግልጽ ይነበባሉ፤ መጨረሻ ላይ ግን በስሌት የተገኘ ፊርማ አለ። 5 የሚለውን ቁጥር 50 ያደረገ ሰው ፊርማው ስለማይገጥምለት ፋይሉ ውድቅ ይሆንበታል።

የዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ክርክር

ገደብ የት እንደሚኖር በደንብ ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ የ1996ቱ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 የተባለውን ስርዓተ ክወና በሁለት መልክ አዘጋጀ፦ ዎርክስቴሽንና ዋጋው ከፍ ያለው ሰርቨር። በዎርክስቴሽኑ የሙከራ ቅጂ ላይ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ10 የተለያዩ የአይፒ አድራሻዎች በላይ እንዳይገናኙ የሚያግድ ገደብ ተገኘ። በዎርክስቴሽን ላይ የሚሠራ የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ይሸጥ የነበረው የኦራይሊ ኩባንያ፣ በመሥራቹ በቲም ኦራይሊ በኩል አጥብቆ ተቃወመ። ማይክሮሶፍት ይህን እገዳ ከኮዱ አወጣ፤ 10 የሚለው ቁጥር ግን በፈቃድ ውሉ ላይ ቀረ።

ክርክሩ በዚህ አልበረደም። ማይክሮሶፍት ሁለቱ ምርቶች ለተለያየ ሥራ የተቃኙ ናቸው ሲል፣ የሶፍትዌር ጸሐፊው አንድሩ ሹልማን በዚያው ዓመት ለኦራይሊ በጻፈው ትንተና ልዩነታቸው እጅግ ጠባብ ነው ብሎ ሞገተ። የዊንዶውስ የውስጥ አሠራር ባለሙያው ማርክ ሩሲኖቪችም የሁለቱ ዋና ኮድ አንድ መሆኑን፣ ስርዓቱም ሲነሳ ማንነቱን የሚወስነው ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር ማከማቻ) ውስጥ ካለ የምርት ዓይነት መዝገብ አንብቦ መሆኑን አሳየ። መዝገቡን የሚጠብቅ የውስጥ ዘብም ነበረ፤ ሰው ሲነካው ወደ ቀድሞው ይመልሰውና የፈቃድ ጥሰት ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማይክሮሶፍትን በአንድ በኩል መረዳት ይቻላል፤ አንዱን ኮድ በሁለት ዋጋ መሸጥ በንግድ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ለፈታሽ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ያው አንድ ቁጥር በኮድ፣ በሬጂስትሪ ወይም በውል ወረቀት ላይ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ፈታሹ የትኛውን እንደሚሞክር ሳያውቅ ውጤቱ ትርጉም አይኖረውም።

አሠራር

ግሌንፎርድ ማየርስ በ1979 ባሳተሙት የሶፍትዌር ፍተሻ መጽሐፍ ያብራሩት የወሰን ዘዴ እዚህም መነሻ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ኢሴንሻልስ 25 ተጠቃሚ ስለሚፈቅድ በ24፣ በ25ና በ26 መሞከር ግድ ነው። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ የሚመጣው ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ቅጽበት አካውንት ሲከፍቱ ነው። ፕሮግራሙ ለሁለቱም መጀመሪያ ቆጥሮ ኋላ የሚመዘግብ ከሆነ፣ ሁለቱም 24 አንብበው ሁለቱም ያልፋሉ፤ መዝገቡም 26 ይሆናል። መፍትሔው ቆጠራውንና ምዝገባውን በዳታቤዙ ውስጥ የማይነጣጠል አንድ ሥራ ማድረግ ነው። የታገደ አካውንት ይቆጠራል ወይ? ኮምፒውተሩ በድንገት የጠፋበት ሰው የያዘው ቦታ መቼ ይለቀቃል? የሰርቨሩ ሰዓት ወደኋላ ቢመለስስ? መልሶቹ ከፈታሹ ግምት ሳይሆን ከውሉ መውጣት አለባቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ጉዳቱ ግን የከፋው፣ የፈቃድ መቀነስ ነው። 40 ሰው የሚሠራበት ድርጅት ከ50 ወደ 25 ዝቅ ሲል ማን ይዘጋበታል? አስተዳዳሪው ራሱ ውጭ ከቀረ የሚያስተካክለው ሰው የለም። ስለዚህ የአስተዳዳሪው መግቢያ በማንኛውም ሁኔታ ክፍት መቅረቱ ሳይሞከር ምርቱ ለገበያ መውጣት የለበትም።

በክላውድ አገልግሎቶች

ቆጠራው በሻጩ ሰርቨር ላይ ስለሚካሄድ ደንበኛው የፈቃድ ፋይል መነካካት አይችልም። ከዚያ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው መስመር መቋረጥ ግን ራሱን የቻለ የፍተሻ ርዕስ ይሆናል።

ያልተቆጠሩ ገደቦች

ዊንዶውስ ሰርቨር የደንበኛ ፈቃዶችን የሚመዘግብበት አገልግሎት ከ2008ቱ እትም ጀምሮ ተወግዷል። የሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃድ ግን ከ120 ቀን የእፎይታ ጊዜ በኋላ በፈቃድ ሰርቨር ይጠየቃል። በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ከተገዛው ፈቃድ በላይ የሆነ ሰው ሳይከለከል ቢገባ፣ በፍተሻ ሪፖርት ላይ እንደ ፕሮግራም ስህተት አይመዘገብም፤ የውል ጥሰት ነው።