ቪዥን ኢንሹራንስ፦ የእይታ መድን

አትላንታ ውስጥ ከኢስት ፖይንት ጣቢያ «ማርታ» የሚባለውን የከተማ ባቡር የሚሳፈር የኤርፖርት ሠራተኛ ኮሌጅ ፓርክን አልፎ ሥራው ደጃፍ ይወርዳል። ሲቀጠር በሚሰጡት ፎርም ላይ «ሜዲካል»፣ «ዴንታል»፣ «ቪዥን» የሚሉ ምርጫዎች ይኖራሉ። ብዙ ወገኖቻችን የመጨረሻውን «ዓይኔ ደህና ነው» ብለው ያልፉታል። አገር ቤት ዓይን ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ሲያም ነዋ!

ቪዥን ኢንሹራንስን «የእይታ መድን» ብንለው ይስማማል። የሚሸፍነው መደበኛ ምርመራን፣ መነጽርንና ኮንታክት ሌንስን ነው። ግላኮማ፣ የዓይን ሞራ ወይም ጉዳት ሲገጥም ወጪው የሚሄደው ወደ ዋናው የጤና መድን ነው። ስለዚህ ለምርመራ ሲሄዱ ሁለቱንም ካርድ ይያዙ።

መዋጮው ከደመወዝ ቼክ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ታክስ ሳይነካው፣ ይቆረጣል። በምርመራው ዕለት «ኮፔይ» የምትባለውን ድርሻ ይከፍላሉ። ለፍሬም ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ያለፈው ከኪስ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ መነጽር ለማያደርግ ሰው የዓመቱ መዋጮ ከምርመራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ግን ገንዘቡ አንዴ ከተቆረጠ ሰው «እንዳይባክን» ብሎ ሄዶ ይመረመራል፤ እኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚጀምረው ከዳር እይታ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ መኪና የሚነዳ ሰው እንኳ ላይነቃበት ይችላል። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ግን የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ጥቁሮች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር እንኳ ለመነጽር የሚደረገውን መደበኛ ምርመራ ባይሸፍንም፣ 50 ዓመት የሞላቸውን ጥቁር አሜሪካውያን አባላቱን በየ12 ወሩ ለግላኮማ እንዲታዩ ያግዛል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ምንም ምልክት የሌለው ሰው በ40 ዓመቱ ሙሉ ምርመራ እንዲያደርግ ይመክራል። ስኳር ያለበት ሰው ግን 40 ሳይል በየዓመቱ መታየት አለበት። በምርመራው ጊዜ ብሌን ለማስፋት የሚጨመረው ጠብታ ለጥቂት ሰዓት እይታን ያደበዝዛልና ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ሥራ ለመንዳት አያስቡ።

ምርመራው ሲያልቅ የመነጽር ማዘዣዎ ሳይጠይቁ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊሰጥዎ ይገባል፤ የፌዴራል ደንብ ነው። ይዘውት ወጥተው ርካሽ ካገኙበት ያሠሩ።

«ኦፕን ኢንሮልመንት» የሚባለው የመመዝገቢያ ወቅት በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚከፈተው በመከር ነው። ካመለጠ፣ ትዳር ወይም ልጅ መውለድን የመሰለ ለውጥ ከሌለ በቀር፣ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጠበቅ ነው።