ሁለት ምሰሶ ወይስ አራት?

በጊፋታ ዕለት ጥርስ የሌለው የወላይታ ሰው ከበዓሉ ውጭ ነው ብል ማጋነን ይመስል ይሆናል። ግን እስቲ አስቡት። ወንዶቹ ለወራት ባጠራቀሙት ገንዘብ በጋራ በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በቅርጫ ይከፋፈላል፤ ብርንዶው ዳጣ እየተነካ ይበላል። ጨዋታው፣ ምርቃቱ፣ የተቀያየሙ ሰዎች ዕርቅ ሳይቀር ከዚያው ማዕድ አይርቅም። አጎቴ ግን ሁለት ጊፋታዎችን ከቆጮ የተሠራ ለስላሳ ሙቿ ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠው አሳለፉ። «ሙቿውስ ምን አለው?» ይላሉ፤ ሲስቁም አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ።

እርግጥ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበራቸው። የላይኛው ላንቃቸውን ይዞ ይቀመጣል፤ የታችኛው ግን ጉርሻ በመጣ ቁጥር እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። በውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ብቻ የሚተከለውን ያስተክሉ» ባለች ጊዜ አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ከመጽሐፍ ጋር ነው የምትውለው፤ አይተህ ንገረኝ» አሉኝ። እነሆ ከሶዶ ሳልወጣ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ሆኜ፣ የጥርስን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርሁ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ ውስጥ የቀረችው የራሱ ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከእንጨት ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ ከዝሆን ጥርስ፣ ከእንስሳና ከሰው ጥርስ የተሠራ ነበር። በ1784 የሒሳብ መዝገቡ ላይ ለ9 ጥርሶች ለጥቁሮች ገንዘብ መከፈሉ ሰፍሮ ይገኛል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የዋተርሎው ጦርነት ሲያበቃ ደግሞ በሜዳው የወደቁት ወታደሮች ጥርሳቸው እየተነቀለ ለገበያ ቀረበ። ባለጠጋው የሚያኝከው በድሀው አፍ ነበር ማለት ነው። የጠጠረው ጎማ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ በ1930ዎቹ ሲመጡ ነገሩ ረከሰ፤ ተራው ሰውም ጥርስ አገኘ። ይሁን እንጂ ሁሉም ድድ ላይ የተቀመጡ ነበሩ እንጂ አጥንት የያዛቸው አልነበሩም። የመንጋጋ አጥንት ደግሞ ጥርሱን ካጣ ሥራ እንደ ፈታ ሰው ነው፤ ከዓመት ዓመት ይመነምናል። የዛሬ አሥር ዓመት ልክ የነበረው ጥርስ ዛሬ የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው።

መንገዱን የለወጠው አጋጣሚ ነው። በ1952 ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የደምን ዝውውር ለማጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከታይታንየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ ይተክላል። ጥናቱን ጨርሶ ሊያወጣው ቢሞክር እንቢ አለው፤ አጥንቱ ብረቱን እንደ ራሱ አካል ይዞታል። በ1965 ዮስታ ላርሶን በተባለ፣ ከተፈጥሮው መንጋጋው ጉድለት በነበረበት ሰው የታችኛ መንጋጋ ላይ አራት የታይታንየም ብሎኖች ተከለ። ላርሶን በ2006 እስኪሞት ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ በነዚያው አኘከ። የሙያው ዓለም ብሮነማርክን በሰፊው የተቀበለው ግን በ1982 ከተካሄደው የቶሮንቶ ጉባኤ በኋላ ነው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በአዲስ አበባ ያየናቸው ሐኪም ለታችኛው መንጋጋ ሁለት መንገድ አሳዩን። አንደኛው፣ አራት ብሎን ተተክሎ ሙሉው ረድፍ በላዩ የሚታሰርበት፣ ሐኪም ካልሆነ ማንም የማያወልቀው ነው። የሊዝበኑ ፓውሎ ማሎ ያስፋፋው ዘዴ ሲሆን ሁለቱ የፊት ብሎኖች ቀጥ ይላሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ነርቩን ለማምለጥ ያዘነብላሉ። ሁለተኛው፣ ሁለት ብሎን ብቻ ተተክሎ ጥርሱ እንደ ልብስ ቁልፍ ቀጭ ብሎ የሚገባበት፣ ማታ ወልቆ የሚታጠብበት ነው። በ2002 በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርስ አልባ ለሆነ የታችኛ መንጋጋ ቢያንስ ይህ ሊቀርብ ይገባል ብለው ነበር።

እኔ ለአራቱ ተከራከርሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አይደለምን? ሸክሙን አራት ይካፈሉት እንጂ! ደግሞስ ጥርስን ማታ ማታ አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ነገር ነው?

አጎቴ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ ሰው ናቸውና ሥዕሉን ተቀብለው ረዥም ጊዜ አዩት። ያዘነበሉትን ብሎኖች ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ባላ ነው» አሉ። ቀጥለውም ከመጨረሻው ምሰሶ አልፎ ወደ ኋላ የወጣውን የጥርስ ረድፍ በጣታቸው እየነኩ፣ «ይሄ ድጋፍ የለውም፤ ስንት ጥርስ ነው የሚንጠለጠለው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ደነገጡ መሰለኝ፤ ጥያቄው የሙያው ዋና ጥያቄ ነበር። የሚንጠለጠለው አጭር መሆን እንዳለበት፣ ከላይ ያለው አክሪሊክ ከሆነ ሊሸረፍ ግን ሊጠገን እንደሚችል፣ ዚርኮንያ ከሆነ ጠንካራ እንደሆነና ከተሰነጠቀ ግን እንደ አዲስ እንደሚሠራ አስረዱ።

«በምን ነው ሥሩ የሚጸዳው?»

በቀጭን ብሩሽና በክር ነው፤ በየቀኑ። አጎቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን። መጋዝ የያዙ እጆች ናቸው፤ ዛሬ ይንቀጠቀጣሉ። ካልጸዳ በብሎኑ ዙሪያ ያለው ድድ እንደሚቆስል፣ አጥንቱም እንደሚሸሽ አስቀድሜ አንብቤ ነበር፤ ያን ዕለት ግን እጃቸውን አላሰብሁም።

ሁለቱን መረጡ። ስንመለስ፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ፣ ምክንያታቸውን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አንዱ የልጃቸው ገንዘብ ነው፤ «እሷም ቤት አልሠራችም» አሉ። ሌላው ጥገናው ነው። የሁለቱ ብሎን ጥርስ የሚያልቅበት ነገር በቁልፉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ናት፤ ትርፍ ላስቲክ ገዝተው በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል። «ቤት ስሠራ ሁልጊዜ የምጠይቀው ነው፤ እኔ ስሄድ ማን ያድሰዋል እላለሁ።» እኔ አሁንም በልቤ ለአራቱ አደላለሁ፤ በአራቱ የሚነከሰው ንክሻ እንደሚበረታ አውቃለሁና።

ብሎኖቹ በየካቲት ተተከሉ። አጥንቱ እስኪይዛቸው ሦስት ወር ጠበቅን። ግንቦት ላይ ጥርሱ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ድምፁን ሰምተው እንደ ልጅ ሳቁ፤ አፋቸውንም አልሸፈኑም።

መስከረም መጣ፤ ጊፋታም ደረሰ። አጎቴ ከጥጉ ተነሥተው ከወንዶቹ መሀል ተቀመጡ። ሌላው በጥርሱ ይዞ በቢላ ሲመትር፣ እሳቸው ብርንዶውን ሳሕን ላይ አሳንሰው ከተፉ፤ ዳጣውን ነካ አደረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ጊዜ አኘኩ። ማንም ልብ ያላቸው አልመሰለኝም። ከዚያ ቢላውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «ያችን ጮማ ቁረጥልኝ፤ ቀጠን አድርገህ» አሉኝ።