የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ቧንቧን በውጭ ግድግዳ ላይ ስለ መዘርጋት፦ ለመዘዞና ለአካባቢው ደጋ ነዋሪዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ መዘዞ ባለው የሰሜን ሸዋ ደጋ መኖሪያ ቤትን በሙቅ ውኃ ቧንቧ ማሞቅ የተለመደ አይደለም። በውጭ ግድግዳ ላይ የሚዘረጋው የሙቅ ውኃ መሥመር ጣሪያ ላይ ከተተከለ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ወደ መታጠቢያ ክፍልና ወደ ወጥ ቤት የሚወርደው ነው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ቀን ፀሐዩ ይበረታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ደግሞ ውርጭ ይወርዳል። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቧንቧውን ወይም መገጣጠሚያውን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ የሚታወቀው ግን በማግሥቱ በረዶው ቀልጦ የታንከሩ ውኃ በግድግዳው መውረድ ሲጀምር ነው።

የግድግዳው ምርጫ

በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ በጥላ ሊውል ይችላል። መሥመሩን የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው የምሥራቅ ወይም በደቡብ ግድግዳ ማሳለፍ ይመረጣል።

አብዛኛው የከተማ ቤት አርማታው ምሰሶውና አግዳሚው ብቻ ሲሆን መካከሉ በብሎኬት የተሞላ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ በመሆኑ ተራ ፊሸር አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ክብደት የሚሸከሙት ክላምፖች በአርማታው ላይ ቢውሉ ይሻላል፤ ይህ ካልተቻለ ለባዶ ብሎኬት የተሠራ ፊሸር ያስፈልጋል። የልስኑ ውፍረት እንደ ጥንካሬ ሊቆጠር አይገባም፤ ፊሸሩ ልስኑን አልፎ አርማታው ውስጥ መግባት አለበት። ቀዳዳው ከፊሸሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይበሳል፤ ዱቄቱም ተነፍቶ ይወጣል። መሰርሰሪያው ፌሮ ከነካ ቦታውን መለወጥ እንጂ መግፋት ተገቢ አይደለም።

ለቧንቧው መንቀሳቀሻ መተው

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ቧንቧው በደንብ ስላልታሰረ ሳይሆን ከመጠን በላይ ስለታሰረ ነው። ተራ የፒፒአር ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ 0.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስድስት ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ቧንቧ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 45 ሚሊ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። መሄጃ ካጣ ይጎብጣል፣ ክላምፑን ይነቅላል ወይም በኤልቦው ላይ ይሰበራል። በውስጡ አሉሚኒየም ያለው ፒፒአር የሚረዝመው የዚህን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የዋጋው ልዩነት ለውጭ መሥመር የሚያዋጣ ነው።

በቀጥተኛው መሥመር አንድ ቦታ ብቻ አጥብቆ ማሰር፣ ሌሎቹን ክላምፖች ቧንቧው እንዲንሸራተት ላላ ማድረግ ይገባል። ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በአግድም በሚሄድበት ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር በሆነ ርቀት አንድ ክላምፕ ይደረጋል። ከላይ ለተጠቀሰው የስድስት ሜትር ተራ ፒፒአር፣ ከመታጠፊያው በኋላ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ክላምፕ የሌለው ነጻ ክንድ መተው ያስፈልጋል።

የፒፒአር ብየዳ በ260 ዲግሪ የሚከናወን ሲሆን ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የማሞቂያው ጊዜ 5 ሴኮንድ ነው። አየሩ ከ5 ዲግሪ በታች በሆነበት ማለዳ ጊዜው በግማሽ ይጨመራል፤ ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ግን የተሻለ ነው።

የሙቀት መከላከያው

ለዚህ ሥራ ውኃ የማይጠጣ ጥቁር የጎማ ስፖንጅ ተስማሚ ነው፤ ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመከራል። በዚህ ልክ የተሸፈነ የ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ጠቅላላ ስፋቱ 58 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የቧንቧው መካከል ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ይህ አስቀድሞ ካልታሰበ ሠራተኛው ስፖንጁን በስተኋላ ቆርጦ ይለጥፈዋል፤ ውርጩም በዚያው ይገባል። ክላምፑ ስፖንጁን እንዳይጨፈልቀው በሽፋኑ ልክ ሰፊ ሆኖ ከሥሩ የላሜራ ቁራጭ ይደረግለታል። ስፖንጁ ለፀሐይ ከተጋለጠ ስለሚሰነጣጠቅ በላሜራ ይለበሳል፤ የላሜራው መጋጠሚያ ዝናብ እንዳይገባበት ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ታች ይዞራል። የራሰ ሽፋን ሙቀትን አይከላከልም።

ሙቅ ውኃ የሚወርድበትን ቧንቧ ብቻ ሸፍኖ ወደ ማሞቂያው የሚወጣውን ቀዝቃዛ ቧንቧ ራቁቱን መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ በውርጭ ጊዜ ቀድሞ በረዶ የሚሆነው ግን እርሱ ነው።

ሽፋኑ ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አይፈጥርም። ውኃው ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከዋለ በረዶ መሆኑ ስለማይቀር በመሥመሩ ዝቅተኛ ቦታ ማፍሰሻ ቫልቭ ይገጠማል። በውርጭ ወራት ቤቱን ለቀናት የሚዘጋ ሰው ዋናውን ቫልቭ ዘግቶ መሥመሩን ባዶ አድርጎ መሄድ ይኖርበታል።

ቧንቧው ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ ሰፋ ያለ የቧንቧ ቁራጭ ይቀበራል፤ ቀዳዳው ወደ ውጭ ዝቅ ይላል፤ ክፍተቱም በሲሚንቶ ሳይሆን በሲሊኮን ይደፈናል። ከሽፋኑ በፊት መሥመሩ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ግፊት ይፈተሻል፤ ባለቤቱም ፈተናው ሲደረግ በቦታው ተገኝቶ መገጣጠሚያዎቹን በዓይኑ ማየት ይችላል፣ ሊያይም ይገባል።